ሣሩን ያስቆፈረው ማን ነው?

ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ጥበቃ ተረኛና ስለ ቆሻሻ መውጫ ቀን ነው። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ውሻ ነው። «ማኅበሩ ሥራ ፈታ እንዴ? ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ የውሻው ነገር አድጎ የሰው ጠብ ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ሁላችሁም እንደምታውቁት በሠፈራችን መሐል ያለው ሣር የማንም የግል ንብረት አይደለም። ቦታው ቀድሞ ቆሻሻ የሚጣልበትና በክረምት ኩሬ የሚሆን ነበር። ከየቤታችን ገንዘብ አዋጥተን፣ ወጣቶቻችን አፈር በቃሬዛ ተሸክመው፣ እናቶቻችን ሰርዶ ከወንዝ ዳር እየነቀሉ አምጥተው፣ በሐምሌ ዝናብ እየተደበደብን የተከልነው ነው። ዛሬ ልጆች የሚጫወቱበት፣ አባቶች ፀሐይ የሚሞቁበት፣ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የምንጥልበት ቦታ ይኸው ነው። ሌላ ቦታ የለንም።

ይህ ሣር ከፋሲካ ወዲህ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ሲታይ አፈሩ ወጥቶ፣ ሣሩ ከነሥሩ ተገልብጦ ይገኛል። ባለፈው ወር አንዲት እናታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ በሣሩ ሲያቋርጡ እግራቸው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ እስከ ዛሬ በጀሶ ታስሯል። እግዜር ይማርልን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተካረረ። ውሻ የሌለው ውሻ ያለውን «የአንተ ነው» ይላል፤ ውሻ ያለው ደግሞ «የእኔ ሌሊት ከግቢ አይወጣም፣ የጎረቤቴ ነው» ይላል። ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች ዛሬ እግዜር ይስጥልኝ አይባባሉም። በመጨረሻው ስብሰባችን ላይ አንድ ጋሼ ተነሥተው «ምን አገባት ውሻ ከእርሻ!» ሲሉ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እስከዚህ ደህና ነው። ቀጥሎ የተነሣው ሰው ግን «ሥጋ ውስጥ መርዝ ጨምሮ ማታ ሣሩ ላይ ጣል ማድረግ ነው፣ በሦስት ቀን ይገላገሉታል» አለ። ለዚህም ያጨበጨበ አልጠፋም። ሐሳቡ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እኛም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የምንለው ስላለን ይህን ጽፈናል።

በመጀመሪያ ነገሩን በወሬ ሳይሆን በዓይናችን ለማየት ፈለግን። ስለሆነም ሦስት ቀን በተከታታይ ገና ጎሕ ሲቀድ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር ሆነን ደብተር ይዘን ጉድጓዶቹን ዞረን ቆጠርን። አሥራ አንድ ናቸው። ቆጥረን ስናበቃ የታየን ነገር ያላሰብነው ሆነ፤ ጉድጓዶቹ እንዲሁ የተበተኑ አይደሉም። እያንዳንዱ ምክንያት አለው።

አምስቱ በምሥራቅ በኩል፣ ለፋሲካ የቅርጫ በሬ ያረድንበት ዳር ላይ ናቸው። ታስታውሱ እንደሆነ ሥጋው ከተከፋፈለ በኋላ ፈርሱንና ደሙን «ለሣሩ ማዳበሪያ ይሆናል» ተብሎ እዚያው እንዲቀበር ተደረገ። ይህን ያዘዘው ማን ነበር? ይኸው አሁን የሚጽፍላችሁ ጽሕፈት ቤት ነው። የተቀበረውም አንድ ክንድ እንኳ ሳይጠልቅ ነበር። የውሻ አፍንጫ ከእኛ አፍንጫ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ከአፈር ሥር ያለውን ሥጋና አጥንት ገበታ ላይ እንደ ቀረበ ያህል ያሸተዋል። እኛው ግብዣ ቀብረን እንግዳው ሲመጣ ተቆጣን ማለት ነው።

ሦስቱ ጉድጓዶች የፍልፈል ክምር ያለባቸው ናቸው። ፍልፈል ከሥር ሥር እየበላ፣ አፈሩን እየገፋ ወደ ላይ የሚቆልል እንስሳ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ውሻው ከሥር የሚንቀሳቀሰውን ይሰማል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይቆፍራል። ይህ ከአባቶቹ የወረሰው ጠባይ ነው። በባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የውሻ ዘመድ ነው፤ እርሱም የሚኖረው ፍልፈልና አይጥ አድብቶ እየያዘና ከጉድጓድ ቆፍሮ እያወጣ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ውሻው ሣር አበላሸ እንላለን እንጂ፣ ሣሩን ከሥር ሲበላ የነበረው ሌላ ነው።

ሁለቱ በሰሜን በኩል ባለው አጥር ጥላ ሥር ናቸው። እነዚህ ጥልቀት የላቸውም፤ ልክ ውሻ ተጠቅልሎ የሚተኛባቸው ያህል ናቸው። በበጋ ፀሐይ ሲበረታ ውሻ የላይኛውን ትኩስ አፈር ጭሮ ከታች ያለውን ቀዝቃዛ አፈር ያወጣና ሆዱን ያሳርፍበታል። ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ የሚያለከልከውም ለዚህ ነው። ጥላና ውኃ በግቢው ያገኘ ውሻ ግን ይህን ፍለጋ ሣራችን ድረስ አይመጣም።

አንዱ በአንድ ቤት አጥር ሥር ያለ ነው። ይህ የማምለጫ ጉድጓድ ነው። የዚያ ቤት ውሻ ቀን ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይፈታል። በግቢው የሚያየውም የሚሠራውም ነገር የለም። ሰንሰለቱ ሲወልቅለት ቀኑን ሙሉ የታመቀውን ጉልበት በአጥሩ ሥር አውጥቶ ወጥቶ ይሄዳል። እንስት ውሻ በአካባቢው ካለች ደግሞ የሚመልሰው የለም።

አሁን ቁጥሩን ደምሩት። አምስቱ የማኅበሩ ጥፋት፣ ሦስቱ የፍልፈል፣ ሦስቱ የውሻ ባለቤቶች ቸልተኝነት ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ውሻው ቢሆንም ያስቆፈርነው እኛ ነን እንላለን። ስለዚህም መርዝ ከመጣላችን በፊት የራሳችንን ሥራ እንመርምር።

ስለ መርዙ ጉዳይ አንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መርዝ ዓይን የለውም። የማንን ውሻ እንደሚገድል አይመርጥም፤ ድመትም፣ ጥንብ አንሳም፣ ቁራም ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ሣር ላይ የሚውሉት ልጆቻችን ናቸው። መዳህ የጀመረ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ እንደሚያስገባ የማያውቅ ወላጅ የለም። ማታ የተጣለው ሥጋ ሁሉ እስኪነጋ ተበልቶ ያልቃል ብሎ የሚፈርም ማን ነው? እኛ በበኩላችን አንፈርምም።

ደግሞም መርዝ የተፈለገውን አያመጣም። ውሾቹ ቢሞቱ ጉድጓድ ያስቆፈረው ፈርስ እዚያው ነው፤ ፍልፈሉም እዚያው ነው። በሳምንቱ ከላይ ሠፈርና ከታች ሠፈር ባለቤት የሌላቸው፣ ክትባት ያላገኙ ውሾች ይገባሉ። ቀድሞ የምናውቃቸውን ውሾች በማናውቃቸው ለወጥን ማለት ነው። ሌሊት ሌባ ሲመጣ የሚጮኸውም አይኖርም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የሠፈራችን ውሾች የጮኹባቸውን ሌሊቶች እኮ ረሳናቸው።

የእብድ ውሻ በሽታን ፈርታችሁ ለመርዙ ያጨበጨባችሁ ካላችሁ ፍርሃታችሁ ልክ ነው፤ መድኃኒቱ ግን መርዝ አይደለም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች መካከል ከ100 ዘጠና ዘጠኙ የሚያዙት ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100 ሰባው በየጊዜው ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል፤ ውሻን መግደል ብቻውን ግን አያቆመውም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ከላይ ያነሣናቸውን ቀይ ቀበሮዎች የፈጀው ከውሾች ተላልፎ ነው። የተከተበ ውሻ ለሠፈሩ አጥር ነው፤ ያልተከተበ ደግሞ ለሁሉም ሥጋት ነው። ሰው በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ የእንስሳት ሐኪም አነጋግረን፣ እኛም በግቢያችን ሞክረን ያየነውን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

1ኛ. የሚስበውን ነገር ማንሣት። ፈርስ፣ ደም፣ አጥንትና የበግ ሆድ ዕቃ ሣሩ ላይም ሆነ በዳሩ ከእንግዲህ አይቀበርም። የተቀበረውን እኛ በወጪያችን አስወጥተን ከሠፈር ውጭ እናስወግዳለን። ለበዓል በየቤቱ በግ የሚያርድ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ከታየ ጥሬውን ለውሻ አይጣል። በእብጠቱ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው ሆድ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ከሣሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጃቸው ወደ አፋቸው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እብጠት ያመጣል።

2ኛ. ውሻውን ማድከም። የሚቆፍር ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ያጣ ውሻ ነው። ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዞ ማንሸራሸር ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ይጠቅማል። ልጆች ኳስ ወይም የተቋጠረ ጨርቅ እየወረወሩ ቢያጫውቱት ደግሞ ደክሞ ይተኛል። ቀን ሙሉ በአንድ ሜትር ሰንሰለት የሚታሰር ውሻ ግን ወይ ይቆፍራል፣ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ይናከሳል። ማሰር ግድ ከሆነ ሰንሰለቱ ይርዘም፤ ጥላና ንጹሕ ውኃ አጠገቡ ይሁን።

3ኛ. የራሱን መቆፈሪያ መስጠት። ይህን ስንናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ እኛም ስንሰማ ስቀን ነበር። በግቢያችሁ ጥግ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ለዩ፤ ጉልበት ድረስ ቆፍራችሁ አሸዋና ለስላሳ አፈር ሙሉበት። በውሻው ፊት አንድ አጥንት ቅበሩበትና እንዲያወጣው አድርጉ። ሲያወጣ አመስግኑት። ሌላ ቦታ መቆፈር ሲጀምር «ተው!» ብላችሁ ወደዚያ ውሰዱት። በሁለትና ሦስት ሳምንት ቦታውን ይለምዳል። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ያለው የጥበቃ ውሻችን ቡቺ የጓሮውን ጎመን ትቶ አሁን የሚቆፍረው አሸዋውን ነው።

4ኛ. የተቆፈረውን ማስቸገር። ውሻ ደጋግሞ የሚመለስበትን ጉድጓድ አፈር መልሶ መድፈን ብቻ አይበቃም። ለስላሳ አፈር ስለሚያገኝ ደስ ብሎት ይመለሳል። ስለዚህ ከአፈሩ በታች ጥቂት ሰፋፊ ድንጋይ ወይም የዶሮ ቤት ሽቦ አንጥፎ፣ ጫፉን ወደ ታች አጥፎ፣ በላዩ አፈር መልሶ ሰርዶ መትከል ነው። ሰርዶው በሽቦው ቀዳዳ ሥር ይሰዳል፤ ውሻው ግን ጥፍሩ ሽቦ ሲነካ ይተወዋል። በአጥር ሥር የሚያመልጠውንም ግማሹ ከመሬት የገባ ድንጋይ በመደርደር ማስቆም ይቻላል።

5ኛ. ፍልፈሉን በወጥመድ መያዝ። በገጠር ያደጉ አባቶች በሠፈራችን አሉ፤ ወጥመዱን ያውቁበታል፤ እንዲያሳዩን በአክብሮት እንጠይቃለን። በመርዝ የተለወሰ እህል ግን አንጠቀምም፤ የተመረዘውን ፍልፈል የሚበላው ያው ውሻ ወይም ድመት ነውና።

ማድረግ የሌለብንንም እንናገር። ጠዋት ጉድጓድ አይተን ውሻውን ጎትቶ አምጥቶ አፍንጫውን አፈር ውስጥ መድፈቅና መደብደብ ዋጋ የለውም። ውሻ ከሰዓታት በፊት የሠራውን ከዱላው ጋር አያያይዘውም፤ የሚማረው ሰው መፍራት ብቻ ነው። የፈራ ውሻ ደግሞ ልጅ ይነክሳል። ተቆጥቶ መከልከል የሚጠቅመው በመቆፈር ላይ እያለ ሲገኝ ነው። ሚጥሚጣና በርበሬ ሣሩ ላይ መበተንም የውሻውን ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ በባዶ እግሩ የሚሮጠውን ልጅም አይምርም፤ አንድ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ታጥቦ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቃል አለን።

ውሻ ላላችሁ፦ «የእኔ አይደለም» ማለት ይብቃ። ሌሊት ውሻችሁ የት እንደሚያድር እናንተ ካላወቃችሁ ማን ይወቅላችሁ? ውሻ ማሳደግ ማለት የተረፈ እንጀራ መወርወር ብቻ አይደለም። ማስከተብ፣ በሌሊት በግቢ ማቆየት፣ ያበላሸውን መጠገን የባለቤቱ ግዴታ ነው። እጃቸው የተሰበረው እናታችንን ከእናንተ መካከል ሄዶ የጠየቀ ስንት ሰው ነው? የእኔ ውሻ ይሁን አይሁን ሳይባል፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ «እግዜር ይማርዎ እትዬ» ማለት ከብዙ ክርክር ይሻላል።

ውሻ ለሌላችሁ፦ ቁጣችሁ እውነት ነው፤ ሣሩን የተከላችሁት በላባችሁ ነው። ነገር ግን በሌሊት የሚጣል መርዝ የፍርድ ሥራ አይደለም። ማን እንደጣለው አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱን ይጠረጥራል። ሣር በሁለት ወር ይበቅላል፤ በጎረቤት መካከል የገባ ጥርጣሬ ግን በሁለት ወር አይነቀልም። ልጁ ውሻውን አቅፎ ሲያለቅስ ያየ ሰው የጣለውን ይረሳል ብላችሁ አታስቡ። ነገ ለቅሶ ሲደርስ በዚያው ሣር ላይ፣ በአንድ ድንኳን ሥር አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነን።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

ሀ/ የመርዝ ሐሳብ ውድቅ እንዲሆን፤ መርዝ ሲጥል የተገኘ አባልም በጠቅላላ ስብሰባው ፊት እንዲጠየቅ።

ለ/ ማንኛውም ውሻ ያለው ቤት ውሻውን በጽሕፈት ቤቱ እንዲያስመዘግብና በየዓመቱ የክትባት ወረቀት እንዲያሳይ። ክትባቱን በአንድ ቀን በሠፈራችን እንዲሰጥልን ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ እንጽፋለን።

ሐ/ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ውሻ ከባለቤቱ ግቢ እንዳይወጣ።

መ/ የቅርጫ እርድ ከሣሩ ርቆ እንዲካሄድና ተረፈ እርዱ በዚያው ቀን እንዲወገድ። ይህን በመጀመሪያ የምንተገብረው እኛ ነን።

ሠ/ የሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አሥራ አንዱን ጉድጓዶች በኅብረት እንድንደፍን። አፈር፣ ድንጋይና ሽቦ እኛ እናዘጋጃለን። ውሻ ያላቸው አካፋና ዶማ ይዘው፣ ውሻ የሌላቸው ሰርዶ ይዘው እንዲመጡ እንለምናለን። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ አሁን የተተከለ ሰርዶ ይይዛል፤ እስኪይዝ ድረስ ግን ዙሪያውን ገመድ ወጥረን ሰውም ልጅም ውሻም እንዳይረግጠው እናደርጋለን።

ለፈርሱ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ በግልጽ ይቅርታ ይጠይቃል። አውቀን አይደለም፤ ሣሩ ያምርልናል ብለን ነው። ነገር ግን በእኛ ስሕተት ሁለት ጎረቤቶች ተኳርፈዋል፤ አንዲት እናት እጃቸው ተሰብሯል። ለሕክምናቸው ከማኅበሩ ሳጥን እንዲወጣ ሐሳብ የምናቀርበውም ለዚህ ነው። የተኳረፉትን ሁለቱን ቤቶች ደግሞ በስም አንጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። እሑድ ሥራው ሲያልቅ ቡና በሣሩ ዳር እናፈላለን። ሁለቱም ስኒ ተቀምጦላቸው ይጠብቃቸዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ነገሩ ሳይብስ እንያዘው።

ሰላም ሁኑ።

የሠፈሩ ማኅበር ጸሐፊ
ስለ ጽሕፈት ቤቱ